«አጥንትህ ገጥሟል» ለተባለው ሠራተኛ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ከርሞ እኔም ጋ ደረሰ። የላከችልኝ በአንድ የሕንፃ ሥራ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ የምትይዝ ጓደኛዬ ናት። «አለቃዬ ነው የሰጠኝ። አንብቢውና የምትይውን ንገሪኝ» አለችኝ። ማታ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ አነበብኩት። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ደግሜ አነበብኩት።

ጸሐፊው ባሕር ዳር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠራተኛ ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ቁስሉ ከደረቀ፣ አጥንቱ ከገጠመ፣ ሕክምናው አልቋል። ከዚያ በኋላ «ያመኛል» የሚል ሰው ወይ ሰንፏል፣ ወይ ካሳ ይፈልጋል። ለማስታገሻ ክኒንና ለዕረፍት የሚሆን ነገር ሞልቷል። ካልተሻለው ዓመቱን ጠብቆ የጉዳቱን መጠን የሐኪሞች ቦርድ ይወስንለት። ሕመምን ብቻ ለይቶ ወደሚያክም ስፔሻሊስት ሪፈር መጻፍ የአሠሪን ኪስ ማራቆት ነው፤ ሕጉም አያስገድድም። ደግሞስ እንዲህ ያለ ስፔሻሊስት እዚህ የት አለ? ሕዝቡም ቢሆን ከወጌሻና ከጠበል አልፎ አይሄድም።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የተማርኩት ጎንደር ነው፤ የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ጽሑፉ «ሰነፍ» የሚለውን ሰው በየሳምንቱ አገኘዋለሁ። እፊቴ ተቀምጦ ያወራኛል። ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ክፉ አስበው የጻፉትም አይመስለኝም። ደመወዝ መክፈል፣ የጎደለ ሰው መተካት፣ ሥራ በጊዜው ማድረስ ያስጨነቀው ሰው ጽሑፍ ነው። ይህን እረዳለሁ። ግን ብዙ ቦታ ላይ ተሳስተዋል፤ ስህተቱም የሚያርፈው የሰው ገላ ላይ ነው።

አጥንቱ ከገጠመ ሕመም የለም ከሚለው ልጀምር። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነውና።

አንድ አናጺ ነበር። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው። አባይ ማዶ በሚሠራ አንድ ፎቅ ላይ፣ ከባሕር ዛፍ ከተሠራ መወጣጫ ላይ ወደቀ። ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረለት። በስድስት ሳምንቱ ጀሶው ተፈታ፣ ራጅ ተነሣ። አጥንቱ አሳምሮ ገጥሟል። «ድነሃል፣ ሥራህን ጀምር» ተባለ።

እኔ ጋ የመጣው ከዚያ ከአምስት ወር በኋላ ነው። እጁን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ደረቱ ላይ አስጠግቶ እንደ አራስ ልጅ ይዞት ነበር። ጨርቁን ፍታልኝ ስለው ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። እጁ አብጧል። ቆዳው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። ቀለሙ ከግራው እጅ ጋር አይመሳሰልም፣ ሙቀቱም አይመሳሰልም። ጣቶቹ አይታጠፉም። በጥጥ ጫፍ ብነካው ከወንበሩ ብድግ አለ። በጥጥ ነው የነካሁት።

«ሲስተር» አለኝ። ነርስ ባልሆንም ብዙዎቹ ሲስተር ነው የሚሉኝ። «ባጃጅ ውስጥ ሁሌ በግራ በኩል ነው የምቀመጠው። በቀኝ ከተቀመጥኩ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እጄን ያነደዋል።» ሌሊት አንሶላው እንዳይነካው ሚስቱ በሁለት ትራስ መሐል እንደ ድንኳን አድርጋ ትወጥርለታለች። ፎርማኑ ደግሞ የራጁን ውጤት አይቶ «አንተ ልጅ፣ እጅህ ደኅና ነው፤ ተው» ብሎታል። ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሰው ይሄኛው ነው።

ይህ በሽታ ስም አለው። ውስብስብ አካባቢያዊ የሕመም ሲንድሮም ይባላል፤ ባለሙያዎች ባጭሩ ሲአርፒኤስ ይሉታል። ከእጅ አንጓ ስብራት በኋላ ከሚመጡ ነገሮች አንዱ ነው። አዲስ ፈጠራም አይደለም። ሲላስ ዊር ሚቼል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ ነርቫቸው በጥይት የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም ይህን የሚመስል የሚያቃጥል ሕመም መዝግቧል። እነዚያ ወታደሮችም ቃጠሎውን ለማብረድ እጃቸውን በውኃ በራሰ ጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። የእኔ አናጺ ስለ ሚቼል ሰምቶ አያውቅም። እርጥብ ጨርቁን ያገኘው በራሱ ነው። ሁለት አህጉር፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ልዩነት፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ። ይህን ማን ያስመስላል?

ዛሬ ይህን በሽታ ለመለየት የምንጠቀምበት መስፈርት የቡዳፔስት መስፈርት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያ ከተማ ተሰብስበው ካወጡት ሐሳብ የመጣ ነው። የቆዳ ቀለምና ሙቀት፣ እብጠትና ላብ፣ እንቅስቃሴ፣ ሲነካ የሚሰማው ስሜት እየተባለ በዓይንና በእጅ ይመረመራል። የራጅ ፊልም ላይ «አጥንቱ ገጥሟል» የሚለው ቃል ከዚህ ውስጥ አንዱንም አይመልስም።

ሲአርፒኤስ ከባዱ ነው። ብዙው ሰው የሚይዘው ከዚህ ቀለል ያለ፣ ግን የማይለቅ ሕመም ነው። ለታካሚዎቼ እንዲህ ነው የማስረዳቸው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንላለን አይደል? ዘግይቶ ለሚንጫጫ ሰው ነው የምንተርተው። ሕመም ላይ ግን ይህ በእውነት ይሆናል። ጅቡ ጉዳቱ ነው። ውሻው ነርቫችን ነው። አንዳንድ ጊዜ ጅቡ ከሄደ ከወራት በኋላም ውሻው ዝም አይልም። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይጮኻል። የቤቱ ሰው በር ሲከፍት ይጮኻል። ጎረቤት ወጥቶ አጥሩን ዞሮ «ጅብ የለም» ይላል። ልክ ነው፣ የለም። ጩኸቱ ግን አለ፤ ቤተሰቡም እንቅልፍ አጥቷል። ራጅ የሚያየው ጅቡን ነው። ውሻውን አያየውም።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያድስ፣ ጉዳት ያለ በሚመስልበት ሁኔታ የሚሰማውንም ሕመም ብሎታል። ከትርጉሙ ሥር ካሰፈራቸው ማስታወሻዎች አንዱ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበር ይገባል ይላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ ሕመም ራሱን የቻለ ቦታ ሰጥቶታል። ሦስት ወር የምትለዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የፊልሙ ነገር በተቃራኒውም ይሠራል። ወገቡን ያመመው ሰው ኤምአርአይ ተነሥቶ «ዲስክህ ተንሸራቷል» ሲባል ዕድሜውን ሙሉ የተሰበረ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ፊልም አይቶ ነበር። ከሃያ ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከሰማንያ ዓመት ሽማግሌዎች 96 በመቶው የዲስክ ማርጀት ታይቶባቸዋል። ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው! ፊልም ብቻውን ሕመምን አይመሰክርም፣ አይክድምም።

አጋኖ የሚናገር ሰው የለም ወይ? አለ። አይቻለሁ። ፎርማኑ ሲያየው የሚያነክስ፣ ሻይ ቤት ሲገባ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው አጋጥሞኛል። ግን ይህን የለየሁት መርምሬ ነው። የሕመም ባለሙያ አንዱ ሥራ ይኸው ነው። ቦታውን፣ ጠባዩን፣ ጡንቻውን፣ እንቅልፉን፣ ሥራውን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ይነካል፤ ያስኬዳል። ጸሐፊው ሠራተኛቸውን ከጠረጠሩት እኮ ሪፈር መጻፍ ለእርሳቸውም ይጠቅማል። ጥርጣሬያቸውን ቢሮ ቁጭ ብለው በራጅ ወረቀት ከሚፈቱ፣ በሥራው ላይ ያለ ሰው ይፍታላቸው።

ማስታገሻ ይበቃል የሚለውን ልቀጥል።

ባለፈው ክረምት አንድ የፌሮ ሠራተኛ መጣ። ብረት ተሸክሞ ሲዞር ወገቡን ያዘው፣ ሕመሙ ወደ ግራ እግሩ ወረደ። ምን ትወስዳለህ ስለው ከኪሱ በፌስታል የተቋጠረ ክኒን አውጥቶ አልጋው ላይ ዘረገፈው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን። አንዱን ክሊኒክ አዞለት፣ አንዱን ፋርማሲ ሸጦለት፣ አንዱን የሥራ ባልደረባው ሰጥቶታል። እርሱ ሦስት የተለያየ መድኃኒት መስሎታል። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ጨጓራው እየተቃጠለ፣ ሰገራው እየጠቆረ ነበር። ያን ቀን እኔ ያደረግሁት ትልቁ ሕክምና ወደ ሐኪም ይዤው መሮጥ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ለትኩስ ጉዳት ጥሩ ናቸው። ለቀናት። ለወራት በየቀኑ ሲወሰዱ ጨጓራን ሊያደሙ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። ትራማዶል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ደግሞ ሱስ ሊሆን ይችላል፤ ሲበዛ ሰውን ያንዘፈዝፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ የነርቭ ሕመም፣ ያ የሚያቃጥለውና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረው፣ በዲክሎፌናክ ብዙም አይመለስም። ለእርሱ ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፤ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለ፣ በትንሽ መጠን ተጀምሮ በሐኪም ክትትል የሚወሰድ። የትኛው ሕመም የትኛው እንደሆነ ሳይለይ መርፌ መደጋገም ሰውየውን ሁለት ጊዜ ማሳመም ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ፌስታል ከፍቶ ማየት አለበት። ሪፈር የሚጻፈው ለዚህም ነው።

ከጽሑፉ ሁሉ ግን በጣም ያሳዘነኝ «ይረፍ፤ ዓመቱን ጠብቆ ቦርድ ይወስንለት» የሚለው ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች። ግንባታ ላይ ባሬላ ትሸከማለች። ሁለት ሰው ሆነው ሲሚንቶ ይዘው ደረጃ ሲወጡ የፊተኛው አዳለጠው፣ ክብደቱ ሁሉ እርሷ ላይ አረፈ። ወገቧ ተጎዳ። ያየቻት ክሊኒክ «ዕረፊ» አላት። ለስንት ጊዜ እንደሆነ የነገራት የለም። አረፈች። አራት ወር ሙሉ ተጋድማ አረፈች። እናቷ አላስነሣ አሏት፤ ስለወደዷት ነው። ወደ እኔ ስትመጣ ከወገቧ ይልቅ እግሯ ነበር የደከመው። ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛ ትይዛለች። ጎንበስ ብትል ጀርባዋ የሚሰበር ይመስላታል። ጡንቻዋ ሟሽሿል፣ ድፍረቷም አብሮ ሟሽሿል።

ለወገብ ሕመም ረጅም መኝታ መድኃኒት እንዳልሆነ ከታወቀ ቆይቷል። በልክ መንቀሳቀስ ነው መድኃኒቱ። ልኩን ግን የሚያውቅ ሰው መስጠት አለበት። እኛ የምንለው «ሲያምሽ አቁሚ» አይደለም፤ «ሰዓትሽ ሲደርስ አቁሚ» ነው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ። ቢያምም አምስት፣ ደኅና ብትሆንም አምስት። ደኅና በሆነች ቀን ሠላሳ ደቂቃ ሄዳ፣ ማግስቱን ሦስት ቀን እንዳትተኛ ነው። ከሽምብጥ ቤቷ እስከ ሱቁ ጀመረች። ከዚያ እስከ ዋናው አስፋልት። በሁለተኛው ወር ሐይቅ ዳር ወርዳ ጊዮርጊስ ተሳልማ በእግሯ ተመለሰች። ያን ቀን ደውላ የነገረችኝ እናቷ ናቸው። ስልኩ ውስጥ እልል ይላሉ።

አሁን ወደ ሦስት ወሩ ልመለስ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት 75 በመቶ። ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት 50 በመቶ። ልብ በሉ። ሕክምናው «ከዚህ በኋላ ሕመሙ ሥር ሰደደ» የሚለው ሦስት ወር ላይ ነው። ሕጉም ደመወዙን መቀነስ የሚጀምረው ሦስት ወር ላይ ነው። ሕመሙ ሲከብድ እንጀራው ይቀንሳል ማለት ነው። የቤት ኪራይ አለ። የልጅ ትምህርት ቤት አለ። እንቅልፍ ይጠፋል። እንቅልፍ ሲጠፋ ሕመም ይብሳል። ሰውየው ይናደዳል፣ ቤቱ ይታወካል፣ አሠሪው «ተለወጠ» ይላል። ጸሐፊው ይህን አይተው ነው «ዓመት ይጠብቅ» ያሉት? ዓመት ከጠበቅን በኋላ የሕመም ባለሙያ ብንጠራ እኮ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ውኃ መቅዳት ነው።

ሌላው ዓለም የሚያደርገው ቀላል ነገር አለ። በስዊድን ኦረብሮ ከተማ የተሠራ አንድ መጠይቅ አለ፤ በከተማዋ ስም ይጠራል። ጉዳት ከደረሰ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ለሠራተኛው ይሰጣል። ስንት ቀን ከሥራ ቀረህ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? በስድስት ወር ውስጥ ወደ ሥራ እመለሳለሁ ብለህ ታስባለህ? ብትንቀሳቀስ የምትጎዳ ይመስልሃል? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። ነጥቡ ከፍ ያለው ሰው ሕመሙ ሊቆይበት ይችላልና ቶሎ ይላካል። ለዚህ ኤምአርአይ አያስፈልግም። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የሚያዳምጥ ሰው ይበቃል። ጓደኛዬ ቢሮዋ ውስጥ ሆና በአማርኛ ልትጠይቃቸው የምትችላቸው ጥያቄዎች ናቸው።

አናጺው ምን ሆነ? በስምንተኛው ሳምንት ላይ ቢላክ ኖሮ የተለየ ነገር አወራ ነበር። ሲአርፒኤስ ቶሎ ሲያዝ ነው የሚሻለው። እጁ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ መነካት፣ መንቀሳቀስ፣ ሥራ መልመድ ነበረበት። እኛ የጀመርነው ዘግይተን ነው። በሐር ጨርቅ፣ ከዚያ በጥጥ፣ ከዚያ በፎጣ ማሸት። መስታወት ፊት ግራ እጁን እያንቀሳቀሰ ቀኙ የሚንቀሳቀስ እንዲመስለው ማድረግ። ነርቩ የሚረጋጋበት መድኃኒትም በሐኪም ታዘዘለት። ዛሬ ሲኒ ይይዛል። ልጁን በዚያ እጁ ያቅፋል። መዶሻ ግን አይይዝም። መዶሻ ነበር እንጀራው።

ስለ ሕጉ ብዙ አልጽፍም፤ ግልጽ ነውና። ያው አዋጅ አንቀጽ 105 አሠሪው የሚሸፍነውን የሕክምና ወጪ ሲዘረዝር የጠቅላላውን ሕክምና ብቻ ብሎ አላቆመም። ልዩ ሕክምናን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪን፣ የሰው ሠራሽ አካልና የአጥንት ድጋፍ መሣሪያን ጨምሯል። ሐኪም ያስፈልገዋል ካለ የሕመም ስፔሻሊስት ከዚህ ውጪ የሚወድቅበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞ የቀን ሠራተኛ ነው፣ የጽሑፍ ውል የለውም ማለትም ማምለጫ አይሆንም፤ አዋጁ የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። ወጪውን በተመለከተ ደግሞ ዘላለማዊ ሙሉ የአካል ጉዳት ሲወሰን የጡረታ ሽፋን ለሌለው ሠራተኛ አሠሪው የሚከፍለው የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው። ስሌቱን ጸሐፊው ከእኔ በላይ ያውቁታል። አንድ ሪፈር ከዚህ ጋር ይነጻጸራል?

«ስፔሻሊስት የት አለ?» ላሉት ግን ግማሹን እቀበላለሁ።

እውነት ነው። በሩ ላይ «የሕመም ሕክምና ማዕከል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት በየመንደሩ የለም። አዲስ አበባ ሂድ ብሎ ወገቡን የታመመ ሰው አውቶቡስ ላይ መጫንም ቀላል ነገር አይደለም። 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአባይን በረሃ መውረድና መውጣት አለ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ አብሮ የሚሄድ ሰው አለ። ሄዶ ቀጠሮ ሳይደርሰው ተመልሶ የመጣ ሰው አውቃለሁ።

ግን የሕመም ስፔሻሊስት ማለት ጠንከር ያለ መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው ማለት አይደለም። ይህን ሙያ ካቆሙት ሰዎች አንዱ ጆን ቦኒካ ነው። ትውልዱ ጣሊያን፣ ኑሮው አሜሪካ የነበረ የማደንዘዣ ሐኪም። ለሕክምና ትምህርቱ መክፈያ ነጻ ትግል ይታገል ነበር፤ ሰውነቱ በዚያ ተጎድቶ ዕድሜውን ሙሉ ከሕመም ጋር ኖሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም ለአንድ ሐኪም ብቻውን የማይፈታ ሕመም እንዳለ ገባው። ሐሳቡ ቀላል ነው። የአጥንት ሐኪሙ፣ የነርቭ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣው፣ የአእምሮ ሐኪሙ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ አንዱን ሰው አብረው ይዩት።

ይህን አስቡና ወደ ከተማችን ተመለሱ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ። ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አለ። በእነዚህ ቤቶች የአጥንት ሕክምና አለ፣ ፊዚዮቴራፒ አለ፣ የአእምሮ ሕክምና አለ፣ ማደንዘዣ የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ። ሰዎቹ አሉን። የጎደለን የሚያገናኛቸው ክር ነው፤ ያ ክር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ወረቀት ልናገር፤ ለዓመታት ያንገበገበኝ ነገር ነው። የተጎዳ ሠራተኛ ይዞልኝ የሚመጣው ሪፈር ላይ ብዙ ጊዜ የተጻፈው «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ነው። ማኅተም አለው። ቀን አለው። ሌላ ምንም የለውም። ሰውየው መቼ ተጎዳ? ምን ሲሠራ? ምን መድኃኒት ወሰደ፣ የትኛው ረዳው፣ የትኛው ጎዳው? ሥራው ምን ያህል ኪሎ መሸከም ይጠይቃል? ከሥራ ከቀረ ስንት ሳምንቱ ነው? ለላከው ሐኪም የምንመልስለት ጥያቄ ምንድን ነው? ይህ ከሌለ እኔ ከዜሮ እጀምራለሁ። ቀጣዩ ሐኪምም ከዜሮ ይጀምራል። ሰውየው አንዱን ታሪክ ለአምስተኛ ጊዜ ሲናገር ቃላቱ ይዛባሉ፤ ያኔ «ቃሉን ቀያየረ» ይባላል።

ጸሐፊው ከቢሮአቸው ሆነው ሊያግዙ የሚችሉት እዚህ ላይ ነው። የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት በአንድ ገጽ ጽፈው ከሪፈሩ ጋር ያያይዙልን። ሙሉ ሥራውን ባይችል የሚሰጡት ቀለል ያለ ሥራ ካለ ይንገሩን፤ መጋዘን፣ መዝገብ፣ የዕቃ ቁጥጥር፣ ለሁለት ሰዓትም ቢሆን። «ሲድን ይመለስ» ሳይሆን «እየዳነ ይመለስ» ብንል ብዙ ሰው እንመልሳለን። ይህን ያደረገ አሠሪ አይቻለሁ። እጁ የተጎዳ ሠራተኛውን መጀመሪያ ለግማሽ ቀን መሣሪያ ቆጣሪ አደረገው። ከአራት ወር በኋላ ልጁ ሥራው ላይ ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ ሕዝቡ ወጌሻና ጠበል እንጂ አይሄድም የሚለው ነው። እኔን የሚያውቁኝ ታካሚዎቼ ብዙዎቹ ጠበል ይጠመቃሉ። እኔም እጠመቃለሁ። ጠበል የሚሄደውን ሰው መድኃኒትህን አታቋርጥ፣ እንቅስቃሴህን እዚያም ሥራ ነው የምለው፤ እሺ ይለኛል። ወጌሻ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስብራት አጥብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፤ በዚህ ምክንያት እጅና እግር የተቆረጠ ሰው አለ። ያም ሆኖ ሰው ወጌሻ ጋ ለምን እንደሚሄድ አውቃለሁ። ወጌሻው ያመመውን ቦታ በእጁ ይዳስሰዋል። «እዚህ ጋ ነው አይደል?» ይለዋል። ያምነዋል። እኛ ጋ ሲመጣ ፊቱን ሳናይ ፊልሙን ካየን ወዴት ይሂድ? ሰው የሚሄደው ወደሚያምነው ነው።

ጽሑፉን የላከችልኝን ጓደኛዬን ትናንት ማታ ደወልኩላት። ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «እሺ፣ አንድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አለ» አለችኝ። ግንበኛ ነው። ትከሻው ላይ ብሎኬት ወድቆበታል። ራጁ ንጹሕ ነው። አለቃዋ ያን ጽሑፍ የሰጣት ፋይሉን እንድትዘጋ ነው።

«ስንት ሳምንቱ ነው?» አልኳት።

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። «ዘጠኝ» አለች።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘሽው ነይ አልኳት። የሚወስደውንም ክኒን ሁሉ በፌስታል ቋጥሮ ይምጣ።